የአማርኛው መስመር

በዚህ በሱማሌዎች ከተማ ወደ ኮድቡር ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴት በአማርኛ ያወራሉ።

«ነገ ቢሮ ተጠርቻለሁ፣ እትዬ ዘሃራ። በቀን የምትመልሺውን የስልክ ጥሪ ታርጌት አልሞላሽም ብለው ማስጠንቀቂያ ሊሰጡኝ ነው።»

«ለምን አልሞላሽም?»

«የአማርኛ ደንበኞችን የማናግረው እኔ ነኛ። ሰዉ አማርኛ ሲሰማ መች ቶሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል? ሰላምታው፣ የአገር ቤቱ ወሬ፣ የልጆቹ ነገር…»

«ቁረጫቸዋ!»

«ወላሂ አልችልም። አንዳንዱ ሳምንቱን ሙሉ በቋንቋው ያናገረው የለም።»

«እንግዲያው ይሄንኑ ንገሪያቸው። ድሬዳዋ ፋብሪካ ሳለሁ የሠራተኛ ማህበር ተወካይ ነበርኩ። ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ብቻሽንም እንዳትገቢ።»

«እዚህ ማህበር የለንም እኮ።»

«አጠገብሽ የምትሠራ ልጅስ የለችም?»

«ሆዳን አለች።»

«እሷን ይዘሽ ግቢ። ከሱማሊኛው መስመር እኩል ለምን እንደሚለኩሽ እሷ ባለችበት ጠይቂያቸው።»

«ኢንሻአላህ።»

የወጣቷ ድምፅ ባለፈው ሳምንት ሲም ካርዴ ተዘግቶብኝ ወደ ስልክ ድርጅቱ ስደውል ስለ ልጄ ሠርግ ሳይቀር ያወራኋት የዚያች ልጅ ነበርና፣ መውረጃዬ ሲደርስ አፍሬ ሰላም ሳልላት ወረድኩ።