የእትዬ አገርነሽ ዋንዛዎች

ባለፈው ሐምሌ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በምትመለሰው ጀልባ ተሳፍሬ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። እኔ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ግን ስለ ኑሮ ሲጠይቁኝ ግራ ይገባኛል። የዶላሩ ነገር፣ የዘይቱ ዋጋ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ ሁሉም ተደበላልቆብኛል።

ተከራካሪዎቹ እትዬ አገርነሽ የተባሉ የዘጌ ባለቡናና በግብርና የተመረቀው የወንድማቸው ልጅ ምሥጋና ናቸው። እትዬ ለቡናቸው ጥላ የሆኑትን ስድስት ዋንዛዎች ለጣውላ ነጋዴ ሊሸጡ ነው። ሰውየው ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ይጠብቃቸዋል።

«ዋንዛው ከተቆረጠ ቡናው በፀሐይ ያልቃል፣ አክስቴ። እባክዎ ይተዉት።»

«ይለቅ! ከነገለባው የደረቀው ጀንፈል ቡና ቤቴ ተከምሮ የሚገዛው ጠፋ። ዛፉን ሸጬ ሲሚንቶ እገዛለሁ። የእሱ ዋጋ እንኳ በየሳምንቱ ይጨምራል።» የያዝሁትን የተማሪ ደብተር አይተው ኖሮ ወደ እኔ ዞሩ። «አይደለም እንዴ፣ መምህር?»

«እውነት ነው፣ ይጨምራል» አልሁ።

«ጀንፈል ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል» አለ ምሥጋና። «መንገዱ ሲከፈት ገበያው ይመለሳል። ዋንዛ ግን ዛሬ ተተክሎ ለከርሞ ጥላ አይሆንም። አይደለም፣ መምህር?»

«ይህም እውነት ነው» አልሁ። እትዬ ገላመጡኝ። ምን ላድርግ? ሁለቱም ልክ መሰሉኝ!

«ገበያው እስኪመለስ ምን ልብላ? አንተ እንደሆነ ደሞዝ አለህ!»

ይህ ጥያቄ ለልጁ ቀላል አልነበረም። «ጓሮዎ ያለው ጌሾና ሎሚ በየሳምንቱ ይሸጣል፤ ለዕለት ጉርስ እሱ ይሁን። ከጀንፈሉም ሩቡን በረከሰው ዋጋ ቢሆንም ሽጠው ለክፉ ቀን ይያዙት። የቀረው ይቆይ። ዋንዛውን ግን አይንኩት።»

«ሲሚንቶውስ?»

ያፈርሁበትን ነገር ያን ጊዜ አወጣሁት። «እትዬ፣ አምና እኔም ደንግጬ ያጠራቀምሁትን ሁሉ አውጥቼ አርባ ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁ። ቤቴ ሐይቁ ዳር ነው። እርጥበት ገብቶበት ክረምቱ ሲያልቅ ሁሉም ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ታስቀምጥበታለች።»

ከት ብለው ሳቁ። «እንዲህ የተማርህ ሰው?»

«እንዲህ የተማርሁ ሰው።»

«ታዲያ የሚያውቀው ማነው?»

«የነገን ማንም አያውቅም፣ እትዬ። ለዚህ ነው ያለዎትን ሁሉ በአንድ ቀን ድንጋጤ የማይለውጡት።» እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ለእኔም የገባኝ ገና ስናገረው ነው።

ወደቡ ስንደርስ ነጋዴው መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ቆሟል። እትዬ አገርነሽ ከጀልባዋ አልወረዱም።

«ወንድሜ፣ ዋንዛው አይሸጥም!»

«ዋጋ ልጨምር?»

«ብትጨምርም አይሸጥም።»

አንባቢ ሆይ፣ ዘመን ሲናወጥ የዕለቱን ጉርስና የክፉ ቀኑን ለይቶ ማስቀመጥ፣ በየዓመቱ የሚያፈራውን ግን አለመንቀል ይበጃል። ጥላው ከቆመ ቡናው ያፈራል፤ ገበያው ለአንድ ዓመት ቢከፋ ለልጅ የሚተርፈው ሀብት አብሮ አይጠፋም።

እኔ ወርጄ ወደቡ ላይ እንደቆምሁ፣ ጀልባዋ ወደ ዘጌ ልትመለስ ሞተሯ ሲነሳ እትዬ ወደ ልጁ ዞሩ። «ገበያው መቼ እንደሚመለስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አክስቴ።»

«እኔም አላውቅም» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። «እንጠብቃለና!»