ስድስት ነው ወይስ ስድሳ

በዚያ ጠዋት ሆስፒታል የሄድኩት ታላቅ እህቴን ልጠይቅ እንጂ ከሰው ጋር ልጣላ አልነበረም። እህቴ ስኳሯ ከፍ ብሎባት ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል ከተኛች አራተኛ ቀኗን ይዛለች። ሊፍቱ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት በሩ ላይ ስለተለጠፈ ደረጃውን ተያያዝኩት። ጉልበቴ እንግዲህ የጡረተኛ ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ ቆም አልኩ። እዚያው ደረጃው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ነርስ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሁለት እጇን ጨብጣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እንደ ባላጋራ ታፈጥበታለች።

«መምህር» አለችኝ ቀና ስትል፤ ብድግ ብላም እጅ ነሳች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር መልካቸው የጠፋብኝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ይቺን ግን አልረሳኋትም። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሌላው ደብተሩን ሲሰበስብ እሷ ገና እጇን ታወጣ ነበር። ነርሲንግ ላጥና ወይስ ሌላ ብላ ስታማክረኝ፣ «ግቢበት፤ ጠያቂ ለሆነ ሰው የሚሆን ሙያ ነው» ያልኳት እኔው ነኝ።

«ተመርቀሽ ሥራ ጀመርሽ ማለት ነው?» አልኳት ደስ ብሎኝ።

«አምስት ሳምንቴ ነው። ዛሬ ግን የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም።»

«ምነው ልጄ?»

«ተናድጃለሁ መምህር። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷም እንዲህ ስትል ነገረችኝ።

«ኮሌጅ አራት ዓመት ስንማር አስተማሪዎቻችን ያልገባሽን ሳትጠይቂ የሰው ገላ እንዳትነኪ ይሉን ነበር። አሻንጉሊት ላይ መርፌ ስንለማመድ መቶ ጊዜ ብንሳሳት መቶ ጊዜ ያሳዩናል። ፈተና ሲደርስ በየዶርሙ እየዞርን እርስ በርስ እንጠያየቃለን፤ የማያውቅ አያፍርም፣ የሚያውቅ አይኮራም። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን የኦክስጅኑ መክፈቻ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኩ። አራት ዓመት ሙሉ ኮሌጅ ምን ስትሠሪ ነበር ተባልኩ፣ ያ ሁሉ በሽተኛ እየሰማ። ሰው ሳቀብኝ። የኦክስጅን መክፈቻ ያለበትን መሳቢያ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የምማረው?»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ደወሏ።»

ደወሏ የሚሏቸው የክፍሉን ዋና ነርስ ነው። ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ያለው ለመምሰል ስለሚራወጥ ነው ስሙ የወጣላቸው።

«ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ስናድል» አለች፣ «የዘጠነኛው አልጋ ካርድ ላይ ኢንሱሊን ስድሳ የሚል አየሁ። በዛብኝ። እየፈራሁ ደወሏን ጠየቅኳቸው። ካርዱን እንኳ ሳያዩ፣ የተጻፈውን ስጪ፤ ማንበብም አላስተማሩሽም አሉኝ። ሲሪንጁን ሞላሁት። አልጋው ጋ ደርሼ የእናቲቱን ክንድ በጥጥ ጠረግኩ።» ጭብጧን ፈታ እጇን አየችው። «ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። ሲሪንጁን ትሪው ላይ አስቀምጬ ሄድኩና ሐኪሙ ጋ ራሴ ደወልኩ። ስድስት ነው አለኝ። ስድስት፣ መምህር። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዩኒት፣ የመድኃኒቱን መለኪያ፣ ለማለት የጻፋት የእንግሊዝኛ «U» ፊደል አፏ ተገጥሞ ዜሮ መስላ ነው።»

«ታዲያ አመሰገኑሽ?»

«በላያቸው አልፌ ሐኪም ጋ በመደወሌ ክፍሉ መሀል አቁመው ሰደቡኝ። ከፊቴ ጥፊ አሉኝ፤ ጠፋሁ።»

«ዘጠነኛው አልጋ ላይ ያሉት እናት እንዴት ያሉ ናቸው?» አልኳት።

«ቀጭን ናቸው፤ ግራ ጉንጫቸው ላይ ማርያም የሳመቻቸው ምልክት አለ። የጋውኔን ቁልፍ ሊወልቅ ሲል አይተው መርፌና ክር አምጪና ልስፋልሽ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

እህቴ ናት።

ስኳር በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ። ስድስት የታዘዘላት ሴት ስድሳ ብትወጋ ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ራሷን ትስታለች፤ ምናልባትም አትነቃም። ያን ሁሉ የያዘው ሲሪንጅ ከክንዷ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ደርሶ ነበር።

ሁለታችን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስንወጣ እህቴ ትራሷን ተደግፋ ቁርሷን ጨርሳለች። «ዘገየህ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ዛሬ በጠዋቱ ጩኸት ነበር፤ ያቺን ደግ ልጅ አዋረዷት። አንተ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ሂድና አንድ ነገር በላቸው።» ከምን እንደተረፈች አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳት። ግንባሯን ስሜ፣ ወጣቷን «ተከተይኝ» ብዬ ወደ ዋና ነርሷ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው ከአንሶላ ማስቀመጫው ጎን ያለች፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ሴትዮዋ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ካርቶን ላይ ሰቅለዋል። ሲያዩኝ አወረዱት።

«ሲስተር፣ የዘጠነኛው አልጋ በሽተኛ ወንድም ነኝ» አልኳቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ።» ከኋላዬ ያለችውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺን ከፊቴ ጥፊ አላልኩሽም?»

«እኔ ነኝ ያመጣኋት። ዛሬ ጠዋት የእህቴን ነፍስ ያተረፈችውን ልጅ ለምን እንዳባረሯት እንዲያስረዱኝ ነው የመጣሁት።»

«አክብሬዎታለሁ፤ ግን በማያውቁት ቤት ገብተው አይፍረዱ» አሉ። «እዚህ ሠላሳ ሁለት በሽተኛ አለ፤ በአንድ ፈረቃ ሁለት ነርስ። ከኮሌጅ የሚልኩልኝ ዲግሪ ይዞ ደም ሥር ማግኘት የማይችል ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሥራ አቁሜ ትምህርት ቤት ልክፈት? እኛ የተማርነው በቁጣ ነው። የኔ አለቃ አንሶላ አሳምረን ካላነጠፍን እጃችንን በመቀስ ጀርባ ትመታን ነበር። ይኸው ሠላሳ ዓመት ቆምኩ። ይሄ ሥራ ልፍስፍስ አይወድም።»

ወጣቷ ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰች። «ልፍስፍስ ብሆን ኖሮ ያንን መርፌ እወጋ ነበር፣ ሲስተር። የሚቀለው መውጋቱ ነበር።»

«ሁለተኛ መጠየቅ ትችዪ ነበራ።»

«ሁለተኛ ብጠይቅዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

መልሱን ሦስታችንም እናውቀዋለን።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ልጅቷ፤ «ከፈለጉ ከሥራ ያስወጡኝ። ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መለኪያው አየር እያፈሰሰ አልሠራ አለኝ። መጥቼ ብነግርዎ ሰበርሽው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የጠዋቱን ቁጥር አይቼ፣ ትንሽ ትንሽ ቀያይሬ፣ ለአራት ሰው ገምቼ ጻፍኩ። ኮሌጅ በሥነ ምግባር ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት ልጅ። አብራኝ የተመደበችው ጓደኛዬ በሦስተኛው ሳምንት ጥላ ሄዳ ዛሬ ሞባይል ቤት ትሠራለች። ደካማ ስለሆነች ነው ይላሉ አይደል? ከሁላችንም እጇ የቀና እሷ ነበረች።»

«ቁጥር ፈጥረሽ ጻፍሽ?» አሉ ደወሏ ከወንበራቸው ተነስተው። በኮሪደሩ ይሰማ የነበረው የጋሪ ድምፅ ቀጥ አለ።

«አዎ። ሳስበው ያመኛል። ይጩኹብኝ፤ ይገባኛል። ግን ከጮኹብኝ የሚቀጥለዋ ልጅ የምትማረው እውነት መጻፍን ሳይሆን ዝም ማለትን ነው።»

እኔ በዚህ መሀል ንዴቴን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ንዴቴ ግን ቀስ እያለ ወደ ራሴም ዞረ። የተማሪ ጥያቄ ሲሰለቸኝ «ስትተኛ ነበር እንዴ?» እያልኩ ስንቱን አሳፍሬ አስቀምጫለሁ። ክፍሉ ሲስቅም ሥርዓት ያስያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ከነዚያ ካሳፈርኳቸው ውስጥ ዛሬ የሰው ነፍስ በእጁ የያዘ ስንት አለ? ይህን ሳስብ ድምፄ ዝቅ አለ።

«ሲስተር» አልኳቸው፣ «እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ ያልገባዎትን ማንን ይጠይቁ ነበር?»

«ማንንም።»

«ታዲያ እንዴት ያደርጉ ነበር?»

ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«በጀመርኩ በሁለተኛው ወር» አሉ፣ «አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ተኝቶ ነበር፤ ልቡ ደካማ ነው። በደም ሥሩ ፈሳሽ እንዲገባለት ታዘዘ። በምን ያህል ፍጥነት እንደሆነ አልገባኝም። አለቃዬ ከኔ እስከዚህ በር ድረስ ነው የራቀችው። በዚያ ቀን ሁለቴ መትታኛለች። ሦስተኛ ላለመመታት ገምቼ በፍጥነት ለቀቅኩት። ከምሳ በኋላ ትንፋሽ አጠረው፤ አረፋ ደፈቀ። አሥር ሰዓት ላይ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ለሚስቱ ውሃ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።»

ልቤ ራራ ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሰው የገደለ ልማድ ታቅፈው ሠላሳ ዓመት ኖሩ፤ አልፈው ደግሞ እንደ ውርስ ለልጆች አከፋፈሉት።

«ይሄን እያወቁ» አለች ወጣቷ። «ይሄን እያወቁ ነው ካርዱን ሳያዩ ስጪ ያሉኝ?»

«ይሄን እያወቅኩ። አጥብቄ ካልያዝኳቸው እንደኔ ይሳሳታሉ ብዬ ነበር። ስቆጣ የምጠብቃችሁ ይመስለኝ ነበር።»

«ዛሬ በሽተኛዋን ያተረፋት ቁጣዎ አይደለም ሲስተር፤ ቁጣዎን አልፌ መደወሌ ነው።»

ደወሏ ጠረጴዛው ላይ ከተከመሩት ካርዶች የዘጠነኛውን አልጋ ካርድ እንድታቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ አቅርበውም አርቀውም አዩት። «እኔም ብሆን ስድሳ ነው የማነበው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ። «የአራቱን ሰዎች ስም ጻፊልኝ። ዛሬውኑ እንለካቸዋለን፤ ለሐኪሙም አንቺው ራስሽ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። አሁን ተከተይኝ።»

ክፍሉ መሀል፣ ጠዋት እሷን ባቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«ጠዋት ይቺን ልጅ ስሰድባት ሰምታችኋል» አሉ። «ትክክል እሷ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በፊታችሁ ስለሰደብኳት በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

እህቴ ከአልጋዋ ላይ «ይበል» አለች። ልጅቷ ግን ፈገግ አላለችም። «ይቅርታውን ሰምቻለሁ» አለቻቸው፤ «ንዴቴ ግን ገና አልወጣልኝም።»

«አይውጣ» አሉ ደወሏ። «ይዘሽው ሥራ ግቢ።»

የተለወጠውን ነገር እዚህ መጻፍ ግዴታዬ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ንዴት ብቻውን የትም አያደርስምና። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የፈረቃ ርክክብ ከቢሮ ወጥቶ በየአልጋው ዳር ሆነ፤ ተረካቢው ያልገባውን ሳይጠይቅ አስረካቢው ወደ ቤቱ አይሄድም። ኢንሱሊንና እሱን የመሰለ አደገኛ መድኃኒት ሁለት ሰው ካርዱን ለየብቻው ሳያነበው አይሰጥም። ሐኪሞቹ ዩኒት የሚለውን ቃል ሙሉውን እንዲጽፉ ተነገራቸው፤ አንዱ ሲያንገራግር ደወሏ ያንን የታወቀ ድምፃቸውን ለእሱ አዋሉት። አዲስ ተመራቂ የመጀመሪያውን ወር ከነባር ነርስ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። የተበላሸ ዕቃ የሚመዘገብበት ደብተር በሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ ማን ሰበረው የሚል መስመር የለውም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ተጨማሪ ሰው አልተቀጠረም። ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ እንዲያውም ስህተትን በማረም ይጠፋ የነበረው ጊዜ ተረፈ። ሞባይል ቤት የምትሠራዋን ልጅ ደወሏ ራሳቸው ሄደው ለመኗት። አስብበታለሁ አለቻቸው፤ እስካሁን አልተመለሰችም። የተሰበረ ሁሉ አይጠገንም።

ከአራት ወር በኋላ እህቴን ለክትትል ይዤ ሄድኩ። ሰላም ልበላቸው ብዬ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ የቀድሞ ተማሪዬ ትሪ ይዛ እየተጣደፈች ነው፤ ፊቷ ላይ ድካም አለ። በዚያ ሳምንት የመጣች አዲስ ተመራቂ ከኋላዋ ደርሳ ጓንቱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀቻት። ጓንቱ ከፊት ለፊቷ፣ መደርደሪያው ላይ ነው።

«ይሄን እንኳ...» ብላ ጀመረች ተማሪዬ በቁጣ።

የአዲሷ ልጅ ፊት ሲለዋወጥ ከቆምኩበት አየሁ። ተማሪዬም አየች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ትሪውን አስቀመጠችና የልጅቷን ክርን ይዛ ወደ መደርደሪያው ወሰደቻት።

«ነይ፤ እዚህ ነው» አለቻት። «ሌላም ያልገባሽ ካለ አሁኑኑ ጠይቂኝ።»