የሴቶች በር ዳገት

መሪጌታ ተስፋነህ በደብረ ታቦር ዜማ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ግን ገና ያልሸበተ ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ዕድር ሲሰበሰብ የሚመርቁት እሳቸው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ወደ ደብሩ የሚወጣውን መንገድ ድንጋይ ለማስነጠፍ ኮሚቴ ሲቋቋምም ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ። ሥራው የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ መንገዱ በየት በኩል ይውጣ በሚለው ላይ ግን ኮሚቴው አስቀድሞ ስለተስማማ፣ በሐምሌ በሚደረግ ስብሰባ ሊጸድቅ ቀጠሮ ተይዟል። ሰው ሁሉ "የኔታ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!" ይላቸዋል። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም።

ነገሩ የቤታቸው ጉዳይ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ካለፈው ክረምት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትተዋል። ለምን ሲባሉ "ጉልበቴን" ይላሉ። መሪጌታም "ገበያ ስትሄጂ የማያምሽ ጉልበት ቤተ ክርስቲያን ሲባል እንዴት ያምሻል?" እያሉ ይቆጧቸዋል። ወይዘሮ ያለምወርቅ መልስ አይሰጡም። ስንቱን ተማሪ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ያበቃ ሰው የገዛ ሚስቱ ነፍስ አጠገቡ ስትቀዘቅዝ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግበው እስኪ አስቡት! መሪጌታ በጸሎታቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሡት የሚስታቸውን ስም ነበር።

ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብሎ መሪጌታ ጋፋት አካባቢ ቀብር ውለው በባጃጅ ይመለሱ ነበር። ላይኛውን መንገድ ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪና ዘግቶታል። ሹፌሩ "የኔታ፣ ከጤና ጣቢያው ዘንድ ላውርድዎትና በታች በኩል በእግርዎ ይውጡ፤ ቅርብ ነው" አላቸው። ቅርብስ ቅርብ ነው። ግን በዚያ በኩል መሪጌታ በዕድሜያቸው ወጥተው አያውቁም፤ የሴቶች በር መንገድ ነዋ! የዋዜማው ማኅሌት ሰዓት ባይደርስባቸው ኖሮ ጨርሶ አይሞክሩትም ነበር።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከዳቸው። "እግዚኦ!" ብለው መቋሚያቸው ወደ አንድ በኩል፣ እሳቸው ወደ ሌላው በኩል ሄዱ። ነጠላቸው ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ።

"አይዞዎት የኔታ! እጄን ይያዙኝ!" አለች አንዲት ወጣት የምትለካበትን ሜትር መሬት ላይ ትታ እየሮጠች። ከኋላዋ ሕፃን ያዘለች ሌላ ሴት መቋሚያውን አንሥታ መጣች።

መሪጌታ ተነሥተው ጭቃውን እያራገፉ "እግዚአብሔር ይስጥሽ። የማን ልጅ ነሽ?" አሉ።

"ቤዛዊት እባላለሁ፣ የፈንታነሽ ልጅ ነኝ። የከተማ ፕላን ተምሬ እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው።"

"የፈንታነሽ ልጅ! አድገሽ የለም እንዴ! ታዲያ በዚህ ጭቃ ምን ትለኪያለሽ? መንገዱ የሚሠራው በወዲያ በኩል እኮ ነው።"

"እሱን ልጠይቅዎት ስፈልግ ነው የተገናኘነው የኔታ። ለምን በወዲያ በኩል ሆነ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ነዋ!"

"ወደ የትኛው በር?"

ደብሩን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የግቢው ቅጥር ሁለት በር አለው። በሰሜን፣ ከላይኛው መንገድ የሚደረሰው የወንዶች ነው፣ በደቡብ፣ በዚህ ዳገት የሚደረሰው የሴቶች ነው፤ ሥርዓቱ የአባቶች ነው፣ ማንም አይጥሰውም። የኮሚቴው አባላት ሁሉ ወንዶች ናቸው። "መንገዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሠራ" ብለው በአንድ ድምፅ ሲስማሙ እያንዳንዱ በልቡ ያየው እሱ ራሱ የሚገባበትን በር ነበር። ክፋት የለበትም እኮ! ሌላ በር መኖሩ ትዝ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

"ምን ችግር አለ?" አሉ መሪጌታ። "መንገዱ ከተሠራ ሴቶቹም በዚያው ይውጡ፤ ከግቢው በውስጥ ዞረው ወደ በራቸው ይሂዱ።"

ሕፃን ያዘለችው ሴት አመተማርያም ትባላለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ መለሰች። "የኔታ፣ እሱ የወንዶች በር አይደል? ደግሞስ እኔ አራስ ነኝ። ሴት ነው የወለድኩት፤ ሰማንያ ቀኔ ሳይሞላ ግቢውን አቋርጬ ልዞር ነው? የእኔ ቢጤ ሁሉ ከደቡብ በር ውጪ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። አሁንም ልጄን አስከትቤ ከጤና ጣቢያው እየተመለስኩ ነው፤ ዋዜማውን ከደጅ ልስማ ብዬ ነው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው፣ ሥርዓቱን አታፍርሺ" አሉ መሪጌታ። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ዞር አሉ። "ግን ልጄ፣ እናቶቻችንም በዚሁ ሲወጡ ኖረዋል። አንድ ቀን አላማረሩም።"

"ማን ጠየቃቸው የኔታ?"

"ሴት በአባወራዋ በኩል ትጠየቃለች። እኛ አባወራዎቹ ተሰብስበን፣ ተነጋግረን..."

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባወራው በዚህ ዳገት ወጥቶ አያውቅም። እግሩ ያልረገጠውን እንዴት አድርጎ ይናገርላታል? ባሏ የሞተባትስ? እሷን ወክሎ የሚቀመጠው ማን ነው?"

መሪጌታ ፈገግ አሉ። ልጅቱ በትሕትና ነው የምትናገረው፤ ግን ወደኋላ አትልም። እንዲህ ያለ ተማሪ ቢኖራቸው ዜማውን በአንድ ዓመት በጨረሰው ነበር። "ይኼ እንግዲህ በራዲዮ የምሰማው ነገር ነው" አሉ። "የሴቶች መብት፣ የዓለም መንግሥታት ጉባኤ፣ እኩል ወንበር። እዚያ ማዶ ባሕር ተሻግሮ የሚመከረው ነገር ከእኛ ሰፈር ጭቃ ጋር ምን አገናኘው?"

"አገናኘው እንጂ! የኛም አገር የፈረመችበት ስምምነት ነው፤ በሕገ መንግሥታችንም ተጽፏል። ደግሞ ጉባኤውም የርስዎን ኮሚቴ ነው የሚመስለው። መንግሥታት ስለ ጦርነትና ስለ ዕርቅ፣ ስለ ድርቅና ስለ ውኃ ሲመክሩ ወንበሩን የሚሞሉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እያንዳንዱ የሚያስበው እሱ የሚገባበትን በር ነው። ውኃ የምትቀዳዋ፣ ጦርነት ሲመጣ ልጅ አዝላ የምትሰደደዋ ግን በሌላ በር ነው የምትገባው። እኛም አገር አይተነዋል የኔታ።"

"አይተናል፣ አይተናል" አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን ሴት ወንበር ላይ ስለተቀመጠች ድርቁ ይቀራል?"

"ድርቁማ አይቀርም። ጉድጓዱ የት ይቆፈር ሲባል የምትቀዳዋ ብትጠየቅ ግን ከመንደሩ አይርቅም ነበር። ከተማም እንዲሁ ነው። መብራቱ የት ይተከል፣ የባጃጁ ማቆሚያ የት ይሁን፣ ደረጃው ምን ያህል ዝቅ ይበል ሲባል ልጅ ያዘለችው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ በምርኩዝ የምትሄደዋ ካልተጠየቀች ግማሹ ሰው የማይወጣበት ከተማ እንሠራለን።"

መሪጌታ በልባቸው "ነገሩስ ይገባል" አሉ። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ቶሎ እጅ መስጠት አልወደዱም። "የዚህ ሰፈር ሴት ብርቱ ናት። ያን ያህል ቢያስቸግራት ኖሮ አንዷ ትነግረን ነበር" አሉ።

ይኼን ጊዜ አመተማርያም ቤዛዊትን አየች፤ ቤዛዊት ደግሞ መሬቱን።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ መሪጌታ።

"የኔታ፣ አይቆጡኝ" አለች አመተማርያም። "እማማ ያለምወርቅ የወደቁት እዚሁ ነው። አምና በክረምቱ። እኔና ጎረቤቴ ዓለሚቱ ነን ደግፈን ቤት ያደረስናቸው። ጉልበታቸው እንዲህ አብጦ! 'ለመሪጌታ እንዳትነግሩብኝ' ብለው አስማሉን። በበጋው ደግሞ ሊሞክሩ መጥተው ነበር፤ ኮረቱ እያንሸራተተ አላስወጣቸው ሲል እዚህ ቁጭ ብለው አልቅሰው ተመለሱ።"

ደወሉ ተደወለ፤ ማኅሌቱ ሊጀመር ነው። መሪጌታ ተስፋነህ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደወል እየሰሙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ በር ላይ ሽሮ ሲነፉ አገኟቸው። "ምነው አንቱ! ምን ሆኑ? ጭቃው ምንድን ነው?"

"በሴቶቹ በር በኩል ወጥቼ ወደቅሁ።"

ወንፊቱ ቆመ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም ያለም?" አሉ መሪጌታ። "ዓመት ሙሉ ስሰድብሽ፣ ጸሎት ጠላች ስልሽ፣ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"የወደቅሁ ለት እኔው ራሴ ልነግርዎት ነበር። ከማኅሌት ገቡና ገና ከደጅ 'ለምን ቀረሽ፣ ታከተሽ?' ብለው ጀመሩ። እኔም አኮረፍኩ። ኋላ ማኩረፉ ለመደብኝ።" ሳቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አዝሎ ነበር። "ዘንድሮ ደግሞ የመንገዱን ነገር ሲያወሩኝ በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅሁ። 'በቤተ ክርስቲያኑ በር' አሉኝ። በቃ፣ እኔ እዚያ ውስጥ እንደሌለሁ ገባኝ። ድምፅዎን ከጓሮ ቆሜ ነው የምሰማው፣ ማኅሌቱን አንድም ቀን አላስታጎልኩም።"

መሪጌታ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የቀዘቀዘች መስሏቸው ያለቀሱላት የሚስታቸው ነፍስ ከእሳቸው ይልቅ ትሞቅ ኖሯል። አፈሩ፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም። "ይቅር በይኝ" አሉ። ወይዘሮ ያለምወርቅ "ይቅር ለእግዚአብሔር። ነጠላውን ይስጡኝ፣ ሳይደርቅ ልጠብልዎት" አሉ።

በማግሥቱ ስብሰባው በዕድሩ አዳራሽ ተጀመረ። መሪጌታ ቤዛዊትንና የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው ነበር። ሴቶቹ ገብተው እንደ ልማዳቸው ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ተቀመጡ። "ምነው? ወንበር አለ እኮ፣ ወደፊት ቅረቡ" አሉ መሪጌታ። ወይዘሮ ያለምወርቅ "ወንበሩ ይቆይ፤ ጆሯችሁን አቅርቡልን" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ያልሳቀው አቶ ዘውዱ ብቻ ነው። ላይኛው መንገድ ዳር ሱቅ አለው፤ በኮሚቴውም ውስጥ አፈኛው እሱ ነው። "የኔታ፣ ተስማምተን የጨረስነውን ነገር ለምን እናፈርሳለን? ማሠራት የምንችለው አንድ መንገድ ነው። በላይ በኩል መኪና ይገባል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሰፈሩ ይደምቃል። በታች በኩል ምን አለ?"

"ጤና ጣቢያው አለ፣ ወፍጮው አለ" አለች ቤዛዊት። "ከላይኛው መንገድ ይልቅ በታች በኩል ብዙ ሰው ሲመላለስ አይቻለሁ፤ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፣ ሸክምም አላቸው።"

"እነሱ መቼ አንድ ቀን ጠየቁን?"

"ዘውዱ" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ ረጋ ብለው። "ምራትህ ደርሳለች አይደል? ምጥ ሲመጣባት በየት በኩል ልታወርዳት ነው?"

"በ... በታች በኩል" አለ አቶ ዘውዱ።

"በዚያ ጭቃ በቃሬዛ። ተሸካሚዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ስትወድቁ የምትወድቀው ግን እሷ ናት። ጠየቅሁህ ልጄ፤ ይኸው ዛሬ ጠየቅሁህ።"

መሪጌታ ተነሡ። "ወንድሞቼ፣ እኔ ትናንት በዚያ ዳገት ወድቄያለሁ። ባልወድቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ በላይ በኩል ብዬ እፈርድ ነበር። የትንሣኤውን ዜና ለሐዋርያት ያደረሱት ቅዱሳት አንስት መሆናቸውን ዕድሜ ልኬን አስተምሬያለሁ፤ የገዛ ሰፈሬ ሴቶች በየት በኩል እንደሚሄዱ ግን አልጠየቅሁም። ከእንግዲህ ግማሹ ኮሚቴ ከእነሱ ይሁን። እንቢ ካላችሁ የእኔን ቦታ ለአንዷ ስጧት።"

አቶ ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "በታች በኩል ይሁን" አለ። "ግን በደንብ ይሠራ!"

በደንብም ተሠራ። ደረጃው ዝቅ ዝቅ ብሎ ሰፋ፣ መደገፊያ ብረትና መብራት ተተከለለት፣ በጎኑ ባጃጅ የምትወጣበት ተዳፋት ተነጠፈ፣ ከደቡብ በር ውጪ ደግሞ አራሶች የሚቀመጡበት ዳስ ቆመ። ሥርዓቱ አልተነካም፤ የሴቶች በር ዛሬም የሴቶች በር ነው። ግን ነፍሰ ጡሯ በጊዜ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፣ እህል የምታስፈጨው ወገቧ አይጎብጥም፣ መብራት ስላለ ከሥራ የምታመሽ ልጅ ሳትሳቀቅ ትገባለች። የሚገርመው፣ ሽማግሌ ወንዶችም ጉልበታቸው ሲዝል የሚመርጡት ይኼኑ መንገድ ነው። ለደካማው ታስቦ የተሠራ መንገድ ብርቱውንም አይጎዳውም፤ ይኼን ለማወቅ የግድ መውደቅ አያስፈልግም ነበር።

መንገዱ ባለቀ በመጀመሪያው እሑድ መሪጌታ ሚስታቸውን ደግፈው እስከ ደቡብ በር አወጧቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ መድረኩን ሲስሙ ቀና ማለት አቃታቸው፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው "በሉ እርስዎ ይዙሩ፣ ማኅሌቱ ያመልጥዎታል" አሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ ቤዛዊት ስለ ከተሞች በሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ እንድትናገር ተጠርታ ልትሰናበታቸው መጣች። መሪጌታ ደስታቸው ወሰን አጣ። መረቋት፣ ግንባሯን ሳሙ፣ ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው ጀመሩ።

"በይ እንግዲህ፣ ለእነዚያ ታላላቅ ሰዎች ስለ እኛ ሰፈር ሴቶች እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ..."

"ኧረ አንቱ!" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ ከጓዳ ብቅ ብለው። "እኔ እዚህ ቆሜ ስለ እኔ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት? ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ፤ እኔው እነግርሻለሁ።"

መሪጌታ ተስፋነህ ንግግራቸውን አቋርጠው ወንበራቸውን ለሚስታቸው ለቀቁ። እሳቸውም ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ማዳመጥ ጀመሩ።