ጎመንና ነጭ ሽንኩርት በአንድ መደብ

ከጪጩ ገበያ ስመለስ ጎረቤቴን ጋሽ ደጀኔን በጓሯቸው ወሰን ላይ አገኘኋቸው። የጎመናቸውን ቅጠል እየገለበጡ ያያሉ፤ ጀርባው ክሽክሽ የሚሉትን ጥቃቅን ተባይ ለብሷል። ቡና እስኪደርስ ስድስት ነፍስ የሚበላው ከዚያች መደብ ነው። ነቅለው ሊጥሉት እንደሆነ ነገሩኝ።

የእኔ ጎመን ደህና ነበር፤ በመካከሉ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ከገበያ የያዝኩትን ነጭ ሽንኩርት አሳይቼ፣ ከፈቀዱ በጎመኑ መካከል ልተክልላቸው እንደምችል ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«መምህርት፣ በእኔ መሬት ያንቺ ሽንኩርት ምን ይሠራል?»

«ሽታው ክሽክሹን ያርቃል ብዬ ነው።»

«ዛሬ ሽንኩርት፣ ነገ እንሰት፣ ከዚያ ሽማግሌ ሰብስበሽ ‹የተከልኩት እኔ ነኝ› ትያለሽ። ባልሽ በነበረ ጊዜ እንኳ እዚህ ወሰን ላይ ማንም አልተከለም።»

ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ በሌላው በኩል ያለው ጎረቤት ወሰን ሲገፋብኝ አይቻለሁና ጥርጣሬያቸውን አልነቀፍኩም።

«እንግዲያው እኔ አልተክልም። የራስዎን ሽንኩርት በራስዎ እጅ ይትከሉ።»

ይህም አላሳመናቸውም። ማን እንደላከኝ፣ ምን እንደማገኝበት ጠየቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉካ ከደጃፍ ሆነው፣ «አንተ ሰው ስትጠረጥር ክሽክሹ ጎመኑን ጨረሰው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቡናዎ ብቻውን ነው የቆመው?» አልኩ።

«ቡና እንዴት ብቻውን ይቆማል? እንሰቱ እርጥበት ይይዝለታል፣ ዋንዛው ፀሐይ ይከልልለታል።»

«ታዲያ ጎመን ምን በደለ?»

«ቡናውን ያስተማሩን አባቶቻችን ናቸው። ጎመኑን ያመጣው የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ብቻውን፣ በመስመር ትከሉ አለን።»

ይህን ተናግረው ጎመኑን ትተው ወደ ቡናቸው ተመለከቱ። በመጨረሻ ግማሹን መደብ ብቻ እንደሚሞክሩ፣ ግማሹን ግን ውሸቴን ለማወቅ እንደሚተዉት ነገሩኝ። የተጠቃውን ቅጠል ለቅመው አስወገዱ፤ ከራሳቸው ጓዳ ያወጡትን ሽንኩርት በመካከሉ ተከሉ።

ሽንኩርቱ ሲያድግ በዚያ በኩል የሚወጣው ጎመን ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆነ፤ የተተወው ወገን ግን ክሽክሹ አልለቀቀውም። እዚያ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ሽንኩርትና ቦሎቄ ጨመሩበት። ሽንኩርት ተባይን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ያርቃል እንጂ። ቦሎቄ አፈሩን ያወፍራል፤ ቅጠሉ መሬቱን ስለሚሸፍን አረም ይቀንሳል። እንደ እኛ መሬት ለጠበበው ሰው አንዲት መደብ ሁለትና ሦስት ዓይነት ምግብ መስጠቷ ቀላል ነገር አይደለም። ወይዘሮ ሙሉካ እስከ ቡና ለቀማ ድረስ ከዚያች መደብ ቀነጠሱ።

በቀጣዩ ተከላ ጋሽ ደጀኔ ወሰኑ አጠገብ ተንበርክከው ሲቆፍሩ አየኋቸው። ቀና ሳይሉ፣ «መምህርት፣ በዚህ በኩል እኔ ጨርሻለሁ። በዚያ በኩል አንቺ ትከዪ፤ ክሽክሽ ወሰን አያውቅም» አሉኝ።

ሽንኩርት ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ።