ልብስ ሰፊው በእርጉዞች አልጋ ላይ

ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከአልትራሳውንድ ክፍል ደጃፍ ቆሞ ሲነጫነጭ አገኘሁት። ሆዱን ሲቆርጠው ሁለት ወሩ ነው። ወንድሙ በሆድ ዕጢ ስለሞተ፣ እሱም «ተራዬ ደረሰ» ብሎ ነጭ የመግነዣ ጨርቅ በገዛ መቀሱ ቆርጦ አስቀምጧል።

«መምህር፣ እስቲ ፍረደኝ!» አለኝ። «ይቺ የእህቴ ልጅ እርጉዞች የሚተኙበት አልጋ ላይ ልታስተኛኝ ነው። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ምን ላረግዝ?»

መርማሪዋ የእህቱ ልጅ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ መሣሪያው ሆድ ዕቃን ያያል እንጂ ወንድና ሴት አይለይም» አለችው።

«ሰገራዬን አይታችሁ ምንም የለም አላላችሁም?»

«የሆድ ትል ቢኖር እንኳ እንቁላሉ ሰገራው ላይ ካልወጣ ያመልጠናል። በዚህ አንዳንዴ ራሱ ትሉ ይታያል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን እንሞክር።»

«ዕጢ ቢሆንስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ለካ ኀፍረቱ ሰበብ ኖሯል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ና፣ አብሬህ እገባለሁ» አልኩት።

ሆዱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት እጇ ድንገት ቆመ። እኔም ፈራሁ።

«አጎቴ፣ ስክሪኑን ይዩ።»

ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ።

«ድርብ ስፌት!» አለ። ወዲያው ስፌቱ ተጥመዘመዘ። «ኧረ ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል!»

«ወስፋት ነው። ዕጢ የሚመስል ነገር አላየሁም፤ ሐኪሙም ያረጋግጥልዎታል። በኪኒን ይወጣል።»

«ተመስገን!» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እንባውን ጠርጎ፣ «ከየት መጣብኝ?» አላት።

«ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ጫፉን በምን ያሾሉታል?»

«በምራቄ ነዋ! አርባ ዓመት ሙሉ።»

«ጓሮ ቆፍረው በመጡበት እጅ?»

መዳፉን ገልብጦ አየ። «ከዚያ ይሁን ከሌላ፣ በእርግጥ አይታወቅም» አለችው። «ብቻ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ አትክልቱንም በንጹህ ውኃ ይጠቡ።»

ሐኪሙ ኪኒኑን አዘዘለት፤ ቁርጠቱም ለቀቀው። ዛሬ ከልብስ ሰፊው የስፌት መኪና አጠገብ ሳሙና አይለይም፤ እንቅልፉም ምግቡም ተመልሶለታል። አንድ ሰዓት የማይሞላ ምርመራ ሁለት ወር ካንገላታው ፍርሃት ገላገለው፤ ይህን ሳይ፣ ቀድሞ መጠየቅ ምንኛ እንደሚበጅ እኔም ተማርኩ።

በወሩ ጤና ጣቢያ ስመለስ፣ አልጋው ዙሪያ አዲስ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ ድርብ ስፌት ነው። ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ አንድ የሚያቅማማ ጎልማሳ ያባብላል።

«ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ማንም አያይህም። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጨርቁ ለመግነዣዬ የቆረጥኩት ነበር።»

ሰውየው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ።