ማንበብ የሚችለው ማን ነው?

ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን በምናባችን የፈጠርነውን መንግሥት እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ የሚሆነውን ሰው ይመርጣል፣ ሕግ የማወጣው ግን እኔ ነኝ። "ማንበብ የሚችል የመስፍን ልጅ ብቻ ነው" አልሁ። የደቅ ደሴት ልጅ የሆነችው ዘቢደር "እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ እሆናለሁ፤ ማንበብም እችላለሁ" አለች። "ድኻ ከየት ተምሮ?" ብዬ ሳቅሁ። "አያቴ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ" አለችኝ። "በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ፊደል ለይተው፣ የባላባቱን ደብዳቤ የሚያነቡለት እሳቸው ነበሩ። እሱማ ማኅተሙን ከመምታት በቀር አንድ ፊደል አያውቅም።"

አፈርሁ፤ ሕጉንም እዚያው ሰረዝሁት። ጨዋታው ሲጀመር የመስፍን ልጅ ሆኖ ወንበር ባልነው ድንጋይ ላይ ለተቀመጠው ጓደኛችን ደብዳቤ ሰጠሁትና "ማንበብ አትችልም" አልሁት። ወደ ዘቢደር ዞሮ "እባክሽ አንብቢልኝ" አላት።

"መጀመሪያ ከወንበሩ ተነሥልኝ" አለችው። ተነሣላት።