መኪናዋ በወይዘሮ ዋጋነሽ እጅ አልሞተችም

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ከቅርብም ከሩቅም እግራችሁን ሳትቆጥቡ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ይህን የወይዘሮ ዋጋነሽ ቡልቻን ዜና ሕይወት የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ደሜ ቡልቻ ነው። ጽሑፉ ከተለመደው ትንሽ ይረዝማል፤ መሀል ላይ ሲደርስም ፊቱን የሚያዞር ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እንዲህ ሆኖ እንዲነበብ ያዘዙት ሟቿ ራሳቸው ስለሆኑና ታላቅን መታዘዝ ግድ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ከአባታቸው ከአቶ ቡልቻ ዋቅጅራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉዲቱ ሮባ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሆለታ አካባቢ ጥር 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ ከዚያም አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ መጥተው የልብስ ስፌት ሙያ ከቀሰሙ በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥረው ሃያ ዓመት ሙሉ አገልግለዋል። በ1978 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ ጥሩነህ ወልደጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ እዚሁ ኮልፌ ጎጆ ቀልሰው ሆሳዕናንና ሶፊን ወለዱ። ታናሽ እህታቸው ቦንቱ በ1983 ዓ.ም. በድንገት ስታርፍም የአራት ዓመት ልጇን እዮኤልን ወስደው፣ ከአብራካቸው ከወጡት ሳይለዩ፣ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ከእነሱ አብልጠው አሳደጉት።

ፋብሪካው በ1993 ዓ.ም. የኮምፈርት ክፍሉን ዘግቶ ዕቃውን ለሐራጅ ሲያወጣ፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ የሥራ ስንብታቸውን እንዳለ አውጥተው ሃያ ዓመት የሠሩባትን መኪና ገዙ። መኪናዋን የማታውቁ እንግዶች ካላችሁ፣ እንደ ተራው የስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ የሚቀርብላት አይደለችም፤ ጨርቁ፣ ጥጡና ገበሩ ተደራርበው በአራት ሜትር ዘንግ ላይ ሲወጠሩ፣ እሷ ረጅም ክንዷን ዘርግታ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተች ከዳር እስከ ዳር የምትሰፋ ናት። ሰፈርተኛው ዋጋነሽ አበደች አለ። አቶ ጥሩነህ ግን ነፍሳቸውን ይማርና የሳሎኑን ግድግዳ አፍርሰው፣ አልጋቸውን ወደ ጓዳ ገፍተው ቦታ አበጁላት። ስትገባ ሐዲዱ ከውጭው በር ብረት ጋር ተጋጭቶ ከግራ ጫፉ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ጥቂት ጎደጎደ፤ እስከ ዛሬም አልተቃናም።

አቶ ጥሩነህ በ2005 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ይህችው መኪና ነበረች። ወይዘሮ ዋጋነሽ በበዓል ቀን መርፌ ስለማይነኩ፣ በወር በአሥራ ሁለት በሚካኤል ዘይት ማጠጣት፣ በሃያ አንድ በማርያም ሐዲዱን መወልወል፣ በሃያ ዘጠኝ በበዓለ ወልድ ደግሞ ከሥር ክሩን የሚይዘውን መንጠቆ ከፍተው የክር ብናኙን በጥርስ ብሩሽ መጥረግ ደንባቸው ነበር። የነፍስ አባታቸው ይህስ ሥራ አይደለም ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ አባ፣ ልጅ ማጠብ ሥራ ነው እንዴ ብለው አፋቸውን አስይዘዋቸዋል። ሕመሟን የሚለዩት በጆሮ ነበር፤ ጉሮሮዋ ደርቋል ካሉ ዘይት ጎድሏታል፣ አነከሰች ካሉም ኩሽኔታዋ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ሙያ ለገዛ ሴት ልጆቻቸው እንኳ ሳያካፍሉ፣ ካቻቢቴውን በእጁ ያስጨበጡት ለእዮኤል ብቻ ነው። መኪናዋንም በሠርጉ ዕለት ለእሱ ሊመርቁለት አስበው ነበር፤ ይህን የሚያውቀው ወንድማቸው ብቻ ነበር፤ አደራ አትንገርበት ተብሎ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱም ዛሬ ይቆጨዋል።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ሰሞን፣ በዐቢይ ጾም፣ የስፌት መኪና ዘይት ከገበያ ጠፋ። የመጋቢት ሚካኤል ደረሰ። ወይዘሮ ዋጋነሽ በቀኑ ሳያጠጧት ማለፉ አላስችል ስላላቸው፣ የጾም ዘይት ንጹሕ ነው፣ ምንም አይላትም ብለው ከጓዳ ያወጡትን የኑግ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉላት። በሳምንቱ ዘይቱ እንደ ሙጫ ረግቶ መኪናዋን አስቃተታት። እሳቸውም ልጅ ታሞበት እንደሚሮጥ ሰው እዮኤልን ጠርተው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩት። እሱ ከፍቶ አጠባትና በዚያው ቀን እንደ ቀድሞዋ አደረጋት። ከዚያ በኋላ ግን፣ እሳቸው ቅዳሴ በሄዱበት ሰዓት የመንጠቆዋን ብሎን በፀጉር ያህል አላላው። እናንተዬ፣ በፀጉር ያህል! ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ስፌት ትዘል ጀመር። እሱም ራሱን እየነቀነቀ፣ እማዬ፣ ኑጉ ውስጧን አቃጥሎታል፣ ከእንግዲህ የቆራሌው ናት አላቸው። እያለቀሱ ውሰዳት አሉት፤ በአይሱዙ ጭኖ ወሰዳት።

ወሬውም ሰፈሩን አዳረሰ። ዋጋነሽ መኪናዋን ኑግ አጠጥታ ገደለቻት ተብሎ በጽዋ ማኅበር ተሳቀ፣ በታክሲ ተራ ተሳቀ፤ ከመካከላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ፣ ይህን የሚያነበውም አንድ ጊዜ ሳያስበው ስቋል። እሳቸው ግን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችኝን በገዛ እጄ ገደልኳት እያሉ አራት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው ጋር ተጣሉ። መርፌ አልጨበጡም፤ ኑግ ዘይትም ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸውን አልረገጠም።

በ2016 ዓ.ም. ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኢህሳን ልጃቸውን ሲድሩ፣ ከጦር ኃይሎች የገዙትን የሙሽራ ኮምፈርት ይመርቁልኝ ብለው ይዘውላቸው መጡ። ወይዘሮ ዋጋነሽ እጃቸውን ሲያሳልፉበት፣ በየረድፉ ከግራ ጠርዝ አንድ ክንድ ገባ ሲል አንዲት ስፌት ከእህቶቿ ትረዝማለች። መዳፋቸው እዚያው ላይ ቀረ። በማግስቱ ወንድማቸውን አስከትለው በታክሲ ጦር ኃይሎች ወርደው ባለሱቁን ሲጠይቁ፣ ዘነበወርቅ ያለ አንድ ቤት አመለከታቸው። በሩ ጋ ሳይደርሱ ድምጿን ሰሙት። ገቡ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ የሚሰፋው እዮኤል ነበር።

እዮኤል እግራቸው ላይ ወድቆ ብሎኑን እንዴት እንዳላላው በገዛ አፉ ተናገረ፤ ብጠይቅዎ አይሰጡኝም ብዬ ነው፣ ደግሞም ይረፉ ብዬ ነው አለ። ወይ ይረፉ! ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ወይዘሮ ዋጋነሽ ግን አልጮኹም፣ አልረገሙም፤ ጉሮሮዋ ደርቋል፣ አይሰማህም ወይ፣ ዘይት አጠጣት ብቻ ብለውት ወጡ። ታክሲ ውስጥ ግን፣ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያሉ እስከ ኮልፌ አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልረጋላቸውም። የቆየው የስኳር ሕመማቸው ጠንቶ በሆስፒታልም በቤትም ሲረዱ ቆይተው፣ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በመጨረሻው ሰሞን ያስጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም፤ ስማቸው ነበር። ውሸቱን የሰማ ሕዝብ እውነቱንም በአንድነት ቆሞ ይስማ፣ የሚሰበሰበውም ስሞት ነው ብለው ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አስነብበው አርመዋል። ስለዚህ በፈቃዳቸው ይነገር፦ መኪናዋ በወይዘሮ ዋጋነሽ ቡልቻ እጅ አልሞተችም፤ ዛሬም ትሰፋለች።

ወይዘሮ ዋጋነሽ የሦስት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ከኋላቸው የቀሩት ልጆቻቸው ሆሳዕና ጥሩነህ፣ ሶፊ ጥሩነህ እና እዮኤል ናቸው። ይህን ሦስተኛ ስም ወንድማቸው ሁለት ጊዜ ሰርዞት ነበር፤ ሁለት ጊዜም አስመለሱት። ከልጆቼ ተራ አታውጣው፣ ልጄ ካልሆነማ ያደረገው ሌብነት ብቻ ነው፣ ሌባ ደግሞ እንዲህ አያምም ብለውታል።

የእናቶችን ልብ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእዮኤልም የሚያለቅስበት ዕንባ ይስጠው። አሜን።